ለሩበን ብቻ ያልኩት ቃል

ቃል ሊለቅም ከዩኒቨርሲቲ ሰው እየመጣ ነው ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ሰው ዛጎል ይለቅማል፣ ማዕበል የተፋውን እንጨት ይለቅማል፤ ቃል የሚለቀም ነገር መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ሚስተር ዴንት ይባላል፣ ገና ጺም በቅጡ ያላበቀለ ቀጭን ወጣት ነው። ሞተር ብስክሌቱን ከኮረብታው ላይ አቁሞ፣ የዓሣ ሣጥን የሚያህል የድምፅ መቅጃ ታቅፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ መንደሩ በሙሉ በመስኮት አየው። ስኬልዊክ ከገደል ሥር የተለጠፈች መንደር ስለሆነች ማንም ሰው ሳይታይ አይገባባትም።

የሚፈልገው ሽማግሌ ነበር። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ፣ ትምህርት ያላበላሸው፣ ጥርሱ ያልረገፈ ሽማግሌ። ባለቤቴን ሩበንን ጠቆሙት። ጥርሱ እንኳ ሦስት ቢቀረው ነው፤ ሌላው ግን ተሟልቶለታል።

ሚስተር ዴንት ከሺህ በላይ ጥያቄ የተጻፈበት ወፍራም ደብተር ነበረው። አጠያየቁ የልጆች እንቆቅልሽ ነው። የነገሩን ስም ራሱ መጥራት አይፈቀድለትም፤ ወይ ሥዕል ያሳያል፣ ወይ እየዞረ እየዞረ ይገልጸዋል፣ ከዚያ ስሙ ከሩበን አፍ እስኪወጣ ይጠብቃል። ስሙን ከጠራው ጨዋታው ፈረሰ። በግራ እጁ የሚሠራን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ልጆች ሲጫወቱ ደክሟቸው ትንሽ እንረፍ ለማለት ምን ብለው ይጮኻሉ? ሩበን ይመልሳል፣ ወጣቱ ወርቅ እንዳገኘ ሰው ፊቱ እየበራ ይጽፋል። ከገደሉ ማዶ፣ ሦስት ማይል እንኳ በማይሞላ መንገድ፣ ግራ እጅን በሌላ ስም ይጠሩታል አለን። እስካሁን ለግራ እጅ ብቻ ስድሳ ስም ሰብስቧል። ለፍቅርስ ስንት አገኙ ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን አከከና እሱ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም አለ።

በአነጋገራችንም በጣም ተደነቀ። ሩበን ያን ጊዜ ሳንባው አልቆ ነበር፤ ከወንበሩ ወደ በሩ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ወጣቱ በየጠዋቱ እንዴት አደሩ ሲለው፣ ክፉ አይደለም ይለዋል። እኛ ጋ ክፉ አይደለም ማለት ነፍሱ አልወጣችም ማለት ነው። ትንሽ ነፋስ አለ ከተባለ ጣሪያችሁን እሰሩ። ትንሽ ደክሞኛል ያለ ሰው ካለ ደግሞ ሰባኪውን ጥሩለት። ትልቁን ነገር በትንሽ ቃል መጠቅለል ከአባቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው፤ አንዳንዱን ነገር ጠቅልለን ጠቅልለን የት እንዳስቀመጥነው እንኳ እንረሳዋለን።

በሁለተኛው ቀን ስለ አንተና ስለ እርስዎ ጠየቀ። ለማን አንተ ይላሉ፣ ለማን እርስዎ?

“ለወንድም አንተ ነው” አለ ሩበን ፒፓውን እየጠቀጠቀ። “ለጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለፈረስ፣ ለእግዚአብሔር። ለሰባኪው፣ ለሐኪሙ፣ ለማያውቁት ሰው እርስዎ።”

“ለሚስትስ?”

ሩበን እሳቱን ተመለከተ። እኔ ጥግ ላይ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዬ ቆመ።

“ለሚስት አንቺ ነው” አለ።

ወጣቱ ጻፈ። ቀና ብሎም በከተማ እንግሊዝኛ ይህ ነገር ከጠፋ ብዙ ዘመን መሆኑን አጫወተን። አንተም አንቺም ተጥለው እርስዎ ብቻ ቀርቷል፤ ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን፣ ሰው ውሻውን ሳይቀር በእሱ ነው የሚጠራው። ያሳዝናል አልኩት። እውነቴን ነበር ያልኩት፤ እሱ ግን የአገሩ አባባል መስሎት እሱንም ጻፈው። ሩበን እኔን አንቺ ካለኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዲለኝ እፈልግ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ልጅ እንኳ አልወለድንም።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ።

በእኛ መንደር ባሕርተኛ ፊት ስሙ የማይጠራ እንስሳ አለ። አሳማ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ የምድጃው መቆስቆሻ ከአጠገቤ ነው፣ ነክቼዋለሁ። ሥጋውን ቁርስ ላይ እንበላዋለን፣ ስሙን ግን አንጠራም። አንኮራፊው እንለዋለን፣ ባለ ጥምዝ ጅራቱ እንለዋለን። በወንጌል ላይ ወደ ባሕር ተንጋግተው የሰጠሙት እነሱ ስለሆኑ ነው የሚል አለ፤ አያቴ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጥሪው ትለኝ ነበር፣ ምክንያት መጠየቅም አይወደድም። ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ባሕርተኛ ጠዋት ሲወጣ ቃሉን ከሰማ ብረት ይነካል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ጀልባዋም ያን ቀን አትወጣም። ከጀልባዋ ሰዎች አንዱ ሰማ ማለት ሁሉም ሰሙ ማለት ነው። ሰምቻለሁ ካለ የሚከራከረው የለም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት፣ በኖቬምበር ወር፣ ሩበን ከታላቅ ወንድሙ ከኤሞስ ጋር ነበር የሚወጣው። ሁለት ሰው የምትይዝ ጀልባ ነበረቻቸው። ዓመቱ ዓሣ የጠፋበት ነበር፣ ኤሞስም ከባሕር ጋር እልህ ተጋብቶ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሩበን ሰማዩን አይቶ ዛሬ ይቅርብን ቢለው፣ ኤሞስ በወንዶች ሁሉ ፊት የሚስቱን ቀሚስ ይዞ የሚዞር ብሎ ሰድቦታል። ሩበን መልስ አልሰጠም። መልስ የማይሰጥ ሰው ነገሩን ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ያን ጠዋት ባሕሩ ከሩቅ ያጉረመርም ነበር። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ እኔም አልወደድኩትም። ሩበን ቦት ጫማውን አደረገ፣ አወለቀ፣ ካልሲውን አስተካከለ፣ እንደገና አደረገ። ስንቁን፣ ዳቦና ቀዝቃዛ ዓሣ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሩ ዘንድ ሲደርስ የመዝጊያውን ብረት ይዞ ቆመ። ጀርባውን አየሁት። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ፣ ባሌን እወደው ነበር። ከኋላው ቀረብ አልኩና በሹክሹክታ፣ “አሳማ” አልኩት።

አልዞረም። እጁ ቀድሞውኑ ብረት ላይ ነበርና ሌላ ብረት መፈለግ አላስፈለገውም። “ወርጄ ልንገራቸው” ብሎ ወጣ።

እሳቱን ቆሰቆስኩ፣ ውሃ ጣድኩ። ሁለት ሰው አተረፍኩ ብዬ ነው የጣድኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፎቅ ወጥቼ በመስኮት ሳይ ጀልባዋ ዓለቶቹን አልፋ ስትሄድ አየሁ፤ ውስጧ ሁለት ሰው አለ። ሩበን ሄደ አልኩ። ወዲያው ታች በሩ ተከፈተና ሩበን ገባ።

“ማነው የሄደው?” አልኩት።

“አባባ” አለኝ።

አማቼ ማቲው ከባሕር ከተሰናበተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሩበን ሆዴን ቆርጦኛል ብሏቸው ኖሮ፣ ሽማግሌው እኔ አለሁ ብሎ የልጁን ቦታ ያዘ። በሆድ ቁርጠት ጀልባ አትቀርም። ለምን ቃሉን ሰማሁ እንዳላላቸው አልጠየቅሁትም። ለእኔ ሲል ነው ብዬ ገመትኩ፤ ማን አለ ቢሉት የሚስቱ ስም በመንደሩ አፍ ሊገባ ነው። እኔም ያን ቃል ቤት ውስጥ ለሩበን ብቻ ከምል ባሕሩ ዳር ወርጄ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ብጮኸው ኖሮ አንድም ጀልባ አይወጣም ነበር። ስንት ሌሊት ይህን እያሰብኩ እንደነጋ እኔ ነኝ የማውቀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ክፋቱ በደንብ አለመውጣቱ ነው።

ማዕበሉ ከቀትር በፊት ተነሣ። በሦስተኛው ቀን አባባ ማቲው አሸዋው ላይ ተገኘ። ኤሞስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከቀብሩ ስንመለስ ሻይ ቀድቼ ለሩበን ሰጠሁት።

“እዚያ ያስቀምጡት” አለኝ።

ከኋላዬ እናቱ የቆመች መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ሐዘኑ ነው አልኩ፣ በሳምንቱም ሐዘኑ ነው አልኩ። በወሩ ገባኝ። አባቱንና ወንድሙን የበላሁበት እኔ ነኝ፤ ባዕድ አድርጎኛል። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እርስዎ ላለኝ እርስዎ ብዬ መመለስ ጀመርኩ። እንዲህ ሆነን ኖርን። በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን ብርድ ልብሱን ወደርስዎ ይሳቡት እንባባላለን። የሚሰማን ሰው እንዴት ያሉ ጨዋ ባልና ሚስት ይለን ነበር። ጎረቤቶቼም ሩበን በሆድ ቁርጠት መትረፉን እያነሡ እድለኛ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም።

እንግዲህ ሚስተር ዴንት በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ሲገልጥ ወደ ከብቶቹ ገጽ መድረሱን አየሁ። ላምን ጠየቀ፣ በግን ጠየቀ። ከዚያ፣ የወጥ ቤት ትራፊ የሚበላ፣ በጠባብ በረት የሚቀመጥ፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ እያለ ጀመረ።

“አንኮራፊው” አለ ሩበን።

ወጣቱ ፈገግ ብሎ ጻፈና ሌላ ስም የለውም ወይ አለው። ሩበን አለው አለ። ምንድን ነው ቢለው ፒፓውን አነሣ። መቅጃው ላይ ሁለቱ ክብ ነገሮች ይዞራሉ። ወጣቱ ምንም የማያውቅ ልጅ ነው፤ እየዞረ እንደገና ይገልጸው ጀመር፣ የእንስሳውን አፍንጫ በእጁ አሳየ።

“እሳቸውን ይጠይቋቸው” አለ ሩበን፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። “እሳቸው ያውቁታል።”

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ጠዋት የተነፈሰው ይህን ብቻ ነው። ለካ አንድ ቀንም አልረሳውም፣ ለካ እንዲህ እንግዳ ፊት እስኪያመቸው ነበር የሚጠብቀው። ደሜ ፈላ። ድንቹን አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ “አሳማ” አልኩ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ያህል ጮክ አላልኩትም። ከዚያ የከሰሉን ባልዲ አንሥቼ ወጣሁ።

ከሰል ማስቀመጫው ዘንድ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ነፋሱ እስኪያደርቀኝ ቆየሁ፤ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ባልዲውን ሞልቼ ስመለስ ሚስተር ዴንት ሽቦ እንደሚያስተካክል ሰው መቅጃው ላይ አጎንብሷል። ቀና ብሎ አላየኝም። በእኛ አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ።

“በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ገባ” አለ ሩበን።

“ይኸው ዘጋሁልዎ” አልኩት።

ወጣቱ በማግስቱ ሄደ። ሩበን እስከ ፌብሩዋሪ ቆየ። የመጨረሻዋን ቀን ትንሽ ደክሞኛል አለ፤ ሰባኪውን አስጠራሁለት። አጠገቡ ተቀምጬ ከንፈሩን በውሃ አረጠብኩለት። ዓይኑን ገለጠና ብዙ አየኝ፣ አፉም አንድ ነገር ሊል ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አሁን ሊለኝ ነው አልኩ።

“ይረፉ እንግዲህ” አለኝ። “ደከሙ።”

“እርስዎም ይረፉ” አልኩት። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

በሜይ ወር ከሚስተር ዴንት ደብዳቤ መጣ። የሩበንን ሞት ገና መስማቱን፣ ማዘኑን ጽፎ፣ ከተቀዳው ውስጥ እኔ ልሰማው የሚገባ ነገር እንዳለ፣ በደብዳቤ የሚጻፍ ግን እንዳልሆነ ገለጸልኝ። የሟች ድምፅ መስማት አልፈለግሁም ነበር። ሦስት ቀን ደብዳቤውን ከሰዓቱ ኋላ ሸጉጬ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን የእሑድ ኮፍያዬን አድርጌ በአውቶቡስ ሄድኩ።

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝና ማሽኑን ከፈተው። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው፣ ያንን ቃል። ከዚያ የባልዲው ኳኳታ፣ ከዚያ በሩ። ከዚያ ወጣቱ፣ ባሕርተኛ ያን ቃል ሲሰማ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል።

“ይቀራል” ይላል ሩበን። ሳለ። ብዙ ጊዜ ሳለ። “ስማኝ ልጄ፣ አንድ ቀን ሚስቴ ዶርካስ ብላኝ ቀርቻለሁ። እዚችው በር ላይ። እኔ ቀረሁ፣ አባባና ኤሞስ ግን ሄደው ሰጠሙ።”

ለዚህ የሦስት ቀን እንግዳ ስማኝ ብሎታል። ቅናት እንደ እሾህ ወጋኝ፤ ገና ምን ሊል እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።

“በቃሏ የገደለቻቸው ይመስላታል” አለ ሩበን። “እኔም እንዲመስላት ተውኳት። ያን ቀን ፈርቼ ነበር፣ ገባህ? እጄ በሩ ላይ ሆኖ አንድ ሰው አንድ ነገር ይበለኝ እያልኩ ነበር። እሷ አለችልኝ። ደስ አለኝ። ታች ወርጄ ቃሉን ሰምቻለሁ ብላቸው ሁለቱም ይቀሩ ነበር። ኤሞስ ግን አንተ ነህ ያስባልካት ብሎ ደግሞ እንዳይስቅብኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ አልኩ። አባባ ቦታዬ ላይ ሲቀመጥ ቆሜ አየሁት። አፌን አልከፈትኩም።”

“ለምን አልነገሯቸውም?” ይላል ወጣቱ ቀስ ብሎ።

“አንቺ ብዬ ነዋ የምጀምረው። በምን ፊቴ አንቺ ልበላት? ለማያውቁት ሰው እርስዎ ነው አላልኩህም? እሷ ደግ ሰው ናት፣ ያገባችው ሰው ግን ማን እንደሆነ አታውቅም።”

“እኔ ልንገርልዎ?”

“በሕይወት እያለሁ እንዳታደርገው” አለ ሩበን። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ባልዲው ይቀመጣል፣ በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ገባ ይላል፤ እኔም ይኸው ዘጋሁልዎ እለዋለሁ።

ሚስተር ዴንት ማሽኑን አጠፋው። ልድገምልዎት አለኝ። እሷ አለችልኝ ያለበትን ብቻ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። አሁንም ደገመልኝ። አለችብኝ አላለም፤ አለችልኝ ነው ያለው። ስነሣ ክንዴን ይዞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ጥሩ ልጅ ነው።

በአውቶቡሱ ውስጥ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት! ይህን አንድ ቀን ማታ እሳቱ ዳር ቢነግረኝ፣ አንድ ሰዓት እንጣላ ነበር፣ አንድ ሰዓት እናለቅስ ነበር፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን እንሻማ ነበር። እኔስ ብሆን? አንድ ቀን ለምን ብዬ መጠየቅ አቅቶኝ፣ እርስዎ ላለኝ እርስዎ እያልኩ ክብሬን ስጠብቅ ኖርኩ። ሁለት ሰው አንድ ቃል ውጦ በአንድ ማዕድ አረጀ።

ቤት ስደርስ ቀኑ ገና አልመሸም ነበር። ገባሁና የመዝጊያውን ብረት ይዤ፣ እሱ ያን ጠዋት የቆመባት ቦታ ላይ ቆምኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ፒፓው እንደተቀመጠ ነው።

“አንተ” አልኩት። ቃሉ ከብዙ ዘመን በኋላ አፌ ውስጥ ሻክሮ ነበር። “አንተ ሞኝ። እኔም እኮ ፈርቼ ነው ያልኩህ።”

ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ ብርድ ይገባ ስለነበር በሩን ዘጋሁት።